ሠላሳ ካናቴራ

ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር፣ ከምንዛሪው ኋላ፣
አንድ ማተሚያ ቤት አለ፣ በሩ የተላላ፤
ባለቤቱ ሻጂ የኬረላ ሰው ነው፣
እኔ ደግሞ እጁ ነኝ፣ ብረቱን የምጭነው።

መቶ ስልሳ ዲግሪ፣ አሥራ አምስት ሰከንድ፣
ሰዓቱ ሲጮህ ማንሳት፣ ጥጡ ሳይነድ፤
ፊልሙን ደግሞ መላጥ፣ ቀስ አርጎ በጥፍር፣
ቁስል ላይ እንዳለ እንደ ፋሻ ነገር።

ድሮ ኮምቦልቻ ታፔላ ጻፊ ነበርሁ፤
በአይሱዙ በር ላይ «ቀን ያልፋል» የጻፍሁ፣
በሥጋ ቤት መስኮት፣ በድንኳን ጥግ ጥግ፣
የ«ጠ»ን ሦስት እግር እኩል ላቆም ስታገል፣ ላቤ ሲንጠፈጠፍ።

አሁን ብሩሽ የለም። ሻጂ የሚሻውን
በእንግሊዝኛ ጽፎ ለማሽኑ ይነግራል፤
ሻዩን ሳይጨርሰው አራት ሥዕል ያያል።
«አየህ» ይለኛል፣ «ይኼ ልጅ ደሞዝ አይጠይቅ፣ ቪዛ አይፈልግ።»

አንድ አርብ ከሰዓት እታፈራሁ መጣች፤
የሠላሳ ሴቶች የእቁብ ዳኛ ነች፤
ሳምንቱን በሰው ቤት፣ በሰው ልጅ፣ በሰው ምጣድ፣
አርብን ግን በሣር ላይ፣ ከኮርኒሹ ዳር።

«ለሠላሳችንም አንድ ዓይነት ካናቴራ፤
ከፊቱ ሴት ትኑር፣ ደረቷን የነፋች፤
ከሥሯ ‹አይዞሽ› በል። በቃ፣ ሌላ አልልም።
እንዳያጥር ብቻ፤ ወገብ የሚያሳይ አንለብስም።»

ሻጂ ጻፈ። ማሽኑ አሰበ። ወይም ያሰበ መሰለ።
ሴትዮዋ ወጣች። አቤት ስታምር!
ሹሩባዋ ሞገድ፣ ከኋላዋ ባሕር፣
በግራ እጇ ላይ ግን ስድስት ጣት ነበር።
«ይሁንላት» አለ ሻጂ፣ «ሥራ ይበዛባታል።»

ከሥሯ ፊደል አለ። ፊደል ይመስላል።
«ሀ»ን የመሰለ ነገር ቀንድ አብቅሎ ቆሟል፤
«ለ» አንገቷ ዞሮ ከ«ቸ» ጋር ተጋብታ፣
ስም የሌለው ልጅ ወልዳለች በማታ፤
አንዱ ክብ ተሸክሟል፣ የት እንደሚጥል አያውቅም።
የአገሬ ልጅ መስሎኝ ከኋላው ጠርቼ፣
ዞር ሲል ሌላ ሰው፦
ልክ እንዲያ ነው ድንጋጤው።

«ሻጂ፣ ይኼ አይነበብም።»
«ማን ያነበዋል?» አለኝ። ፊልሙ ወጥቷል፣ ቀለሙ ባክኗል፣
ቀብዱ ተበልቷል።
ቪዛዬ በእሱ ስም ነው።
ብረቱን ጫንሁት። ሠላሳ ጊዜ ጫንሁት።

በሳምንቱ እታፈራሁ ከሦስት ሴት ጋር መጣች፤
አንዱን ዘርግታ አየች፣ ዘቅዝቃ አየች፣ ገለበጠች።
«ግዕዝ ነው?» አለች አንዷ፣ «ቄስ ይጠራ እንዴ?»
እኔ ዓይኔን ተክያለሁ ሰድሩ ላይ፣ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ።

ከወግዲ የመጣች፣ በአሻራ የምትፈርም፣
ማንአህሎሽ የምትባል፣ ከኋላ የቆመች፣
«ምኑ ነው የከፋው?» አለች። «ለኔ ፊደል ሁሉ
ይኼንኑ ነው የሚመስል። ውል ያስፈረሙኝም ወረቀት
ይኼንኑ ነበር የሚመስለው።
ዛሬ ገና እኩል ሆንን። አምጡ የኔን ልልበስ።»

እታፈራሁ ሳቀች። መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣
ኋላ በሙሉ ጥርሷ። ከዚያ ወደ ሻጂ ዞራ፣
«ዋጋው ግን ይቀንሳል» አለች፤ ከሩብ ሰዓት ክርክር በኋላ
መቶ ሃያ ድርሃም ቀነሰ፣ ራሱን እየነቀነቀ።

እኔም ብሩሽ ፈልጌ፣ ከመሳቢያው ሥር፣
ፀጉሩ የደረቀ፣ በየአንገትጌው ውስጥ፣ ማንም በማያየው፣
«አይዞሽ» እያልሁ ጻፍሁ እስከ ሌሊቱ ስምንት ድረስ።
እጄ ረስቶ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ጎበጡ።

በማግሥቱ ማንአህሎሽ ብቻዋን መጣች፣
አንገትጌዋን ገልብጣ። «የትኛው ነው መጀመሪያው?»
በጣቴ «አ»ን አሳየኋት።

«ይኼ እግሩን ከፍቶ የቆመው?» አለች።
«ይኼንንስ አውቀዋለሁ።
ይኼማ አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው ነው።»