ምናገባሽ

እትዬ አትጠገብ፣ ካጥር ማዶ ቆማ፣
(ስም ያወጡ ለታ ድምጿ መች ተሰማ!)
ሲንጀሬን ሳልከፍት፣ ክሩን ሳላስገባ፣
ነገሯ ቁልቋሉን ተንጠላጥሎ ገባ፦

«ኧረ አያ ይሁኔ! ድመትህ ወፈረች፤
ባለርስት መስላ፣ ፀሐይ ላይ ተጋድማ፣ አይጥ እያሳደረች።
በፍልሰታ ጾም ደግሞ ወተት ትልሳለች፤
ንስሐ አባትህ ቢያዩዋት ምን ትላለች?»

ሻሺቱ ሰማቻት። አንድ ዐይኗን ከፈተች፣
(ያላትም አንድ ነው) መልሳ ጨፈነች።

ሐምሌ ላይ፣ በዶፉ፣ ከላህ ድልድይ ግርጌ
ቡችላ ባመጣ፣ በኮቴ ሸሽጌ፣
እሷ ሆዬ ቀድማኝ ደጄ ላይ ቆማለች፤
ጃንጥላ ዘርግታ ጉድ ልታይ መጥታለች።
«ጆሮው ልክ አይደለም፤ ግራው ወድቋል፣ አየህ?
በዚህ ዶፍ ዝናብ፣ ለዚህ ነው የወጣህ?
ደግሞ ከቤት አድሮ? መልአክ ይርቅሃል።
ሚጥሚጣ ሳይቀምስ መቼ ይጮህልሃል?
አባቴ ሰባቱን ሲያሳድግ አይቻለሁ፤
ስለ ውሻ ለኔ? እኔ አስተምራለሁ!»

ልብስ ሰፊ ነኝ እኔ፣ ልክ ነው የማምነው፤
አፍ ግን ወርዱ ስንት፣ ቁመቱ ስንት ነው?
ሌት ተቀን አሰብኩና መላ መታሁላት፤
ስድብ ሳልናገር ስድብ ሰፋሁላት።
ያገሬ ሰው ድሮም ነገር የከበደው
በውሻው ስም ጠርቶ ላጥሩ ነው የሚነግረው።
እኔም ቡችላዬን «ምናገባሽ» አልኩት፤
ከደጅ እየወጣሁ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ቀን ሙሉ ጠራሁት።

«ምናገባሽ! ና!» ስል ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ፤
ባለባጃጁ እንኳ ጥሩምባ ነፋና፣ ገብቶት ተሳለቀ።
ፍኖተ ሰላም ላይ ነገር መች ያድራል?
በማግሥቱ ገበያ ሽንኩርት ተራ ደርሷል።

እሷስ? ታፍር መስሎኝ!
አንገቷን አስግጋ፣ ጥቂት አሰበችና፣
«ስሙም ልክ አይደለም» አለች፤
«ወንድ አይደለም እንዴ? ‹ሽ› ምን ትሠራለች?
‹ምናገባህ› በለው» ብላኝ ተመለሰች።

ውሻው አደገልኝ። ግራ ጆሮው ዛሬም
እንደወደቀ ነው (እውነቷን ነው፣ ልክ አይደለም)።
ግን ሰባት ሰዓት ላይ ሹልክ ብሎ ይጠፋል፤
ሲመለስ አፉ ላይ ሽሮ ሽሮ ይሸታል።
እኔ ሽሮ አልሠራሁ።

አንድ ቀን ተከተልኩት፣ መርፌ ከንፈሬ ላይ፤
በቁልቋሉ ቀዳዳ አንድ ዐይኔን ልኬ ባይ፣
እትዬ አትጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጣ፣
ጭንቅላቱን አቅፋ፣ ነጠላዋን ጥላ፣
ልክ አይደለም ካለችው ከዚያ ጆሮ ሥር
መዥገር ትለቅማለች፣ አንድ በአንድ፣ በፍቅር።
ታወራዋለችም። ቀስ ብላ። እንዲህ ያለ
ዝቅ ያለ ድምፅ እሷ ዘንድ መኖሩን መች አውቄ አለ?
«አለኸኝ» ትለዋለች። «አለኸኝ፣ ብላ እንጂ።
መተማ ሰሊጡ ታጭዶ አላልቅ ብሎ ይሆናል እንጂ፣
ልጅ እናቱን እኮ…» ቃሏን አልጨረሰች፤
መዥገሯን በድንጋይ ደጋግማ ጨፈለቀች።

ምናገባሽ እያልኩ ስጣራ ስጣራ፣
እሱ ገብቶ ኖሯል። ያውም እየበላ።

ማታ ልጠራው ወጣሁ። ስሙ አፌ ላይ ቀረ።
«ና» ብቻ አልኩት። መጣ። ጅራቱን ወዘወዘ፣ ደጁን ዘግቶ አደረ።

በማግሥቱ ደግሞ፣ ሲንጀሬን ሳልከፍት፦
«አያ ይሁኔ! ኧረ ዐይንህን ክፈት!
ሻሺቱ አልወፈረች፤ አርግዛ ኖሯል እኮ!
አንድ ሰው ከድመቱ ጋር እየኖረ ይህን አያውቅም እኮ?
አራት ይሆናሉ። ነጯን ለኔ ተዋት።
ወተቷንም ጨምር፤ ጾምም ቢሆን ስጣት።»

«ምን…» ልላት ነበረ።
ክሩ ጥርሴ መሀል ነበር።
በጠስኩት።