ጭረት

ጉም ከጦሳ ወርዶ መስኮቱን ሲጋርድ፣
የጋሽ ይመር ምላጭ ጉንጬን ይዞ ሲወርድ፣
"ይቅርታ ልጄ" አለኝ፣ እጁ ተንሸራቶ፤
ከጆሮዬ ግርጌ ደም አየሁኝ ወጥቶ።
የሰናፍጭ ፍሬ የማታክል ነጥብ፤
በአልኮል ጠረጋት፣ "በቃ" አለኝ፣ "ታጠብ።"

ግን ከእኔ ቀድሞ እዚያው ወንበር ላይ የነበር፣
ኮቱ የሰፋበት ያ የሐረጎ ሾፌር፣
ሲስል ነበር እኮ! ምላጩስ ተቀይሯል?
አዲስ ነው? አይቻለሁ? ወረቀቱ ተቀዷል?
አልጠየቅኩትም፣ ምላሴ ታሰረ፤
ከፍዬ ብወጣም ልቤ እዚያው ቀረ።

ከዚያ ቀን ወዲህ መቁጠር ሆነ ሥራዬ።
አንድ ሳምንት። ሁለት። አምስት።
ምላሴን በመስታወት አያለሁ፣ ብብቴን እዳብሳለሁ።
ብርድ ነው? ትኩሳት ነው?
ሸዋ በር ላይ በሐምሌ ማን ይለየዋል!
ለሙሉሸት ጀርባዬን ሰጥቼ እተኛለሁ፤
ልጄ ልትስመኝ ስትንጠለጠል
አንገቴን በመዳፌ ሸፍኜ እሸሻለሁ።
"ምን ነካህ አንተ ሰው?"
"ጉንፋን" እላታለሁ።

ውድቅት ላይ ደግሞ አንዲት ጣሳ እሰማለሁ፤
ከድንጋይ ድንጋይ እየተላጋች ቁልቁል ስትወርድ።

አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር።
ጎረቤት ተዋበች ከሰል መስላ፣ ከስታ፣
ውሃ ለምና ጠጣች አጥሩን ተጠግታ፤
"ተባረኩ" ብላ ጣሳዋን አኖረች፣
እየሳለች፣ ቀስ እያለች፣ ጉሙ ውስጥ ገባች።
እኔ ጣሳዋን በእንጨት ጫፍ አንጠልጥዬ
ወስጄ ቦርከና ወረወርኳት።
ማንም አላዘዘኝ።
ማንም አልገሠጸኝ።

በሦስተኛው ወር ቦሩ ሜዳ ሄድኩ።
"አርባ አንድ ቁጥር!" ገባሁ።
ነጭ ጋዋን፣ ወፍራም መነጽር፣ የሸበተች ሴት፤
"ምን ሆነህ ነው?" አለች።
ዘረገፍኩላት፤ ምላጩን፣ ሾፌሩን፣
የሌለ ጉንፋኔን፣ ያልሳምኳትን ልጄን።
ሳቀች፣ ቀስ ብላ።
"ኤች አይ ቪ በዚህች ጭረት እንዲህ በዋዛ አይገባም።
ውጤትህም ይኸው፣ ነጻ ነህ።
እኔ ኪኒኔን ስውጥ አሥራ ስምንት ዓመቴ፤
ከአንተ በላይ እተኛለሁ።"

ደረቷ ላይ ያለውን ስም ያነበብኩት ያኔ ነው።

እጇን ዘረጋችልኝ። ያዝኩት። ይሞቃል።
ወረቀቴን አጣጥፌ በሩን ስከፍት
ከኋላዬ ጠራችኝ፦
"የእትዬ አስካለ ልጅ!
እንደው ያቺ ጣሳ…
ኮምቦልቻ ደርሳ ይሆን?"