ባለ አንድ አባል

ደብረ ብርሃን ላይ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣
ውርጩ ገና ሳይለቅ ከቆርቆሮው አናት፣
ንግድ ጽሕፈት ቤት ደጅ ተሰልፌ ቆምኩኝ፤
ባለ ወፍጮው ከፊት፣ ባለ ብሎኬቱ ከኋላ፣ መሐላቸው ገባሁኝ።
እነሱ ዱቄት አላቸው፣ አሸዋ፣ ሚዛን፣ መጋዘን፤
እኔ ያለኝ ትከሻ ነው፤ እሱን በምን ልመዝን?

አቶ ሽብሩ ናቸው መስኮቱ ላይ ያሉት፣
መነጽራቸውን በክር ካንገት ያሰሩት።
"ስም?"
"ወይንሐረግ ደምሴ።"
"የሥራ ዘርፍ?"
"ውዝዋዜ።"
ብዕራቸው ቆመ። "ከባንድ ጋር ነው?"
"ብቻዬን ነኝ፣ ጌታዬ፤
ሰርግ ላይ፣ ምርቃት ላይ፣ እኔና ገላዬ።"
መዝገቡን ገለጡ፤ ዶሮ እርባታው፣ ጋራዡ፣ ሁሉም ቁጥር አለው፤
የእኔ ግን የለም። "ልዩ ልዩ አገልግሎት ልበለው?"

በሉት አልኩኝ። ስሙ ምን ገዶኝ።

"አሁን ምረጪ" አሉ፤ "ሁለት መንገድ አለሽ፤
አንዱ የግል ነጋዴ፣ ራስሽን ችለሽ፣
ትርፉም ያንቺ፣ ዕዳውም ያንቺ፣ ቤትሽ ድረስ የሚያንኳኳ።
ሌላው ማኅበር ነው፣ ኃላፊነቱ የተወሰነ፣
ዕዳው ከራሱ ሣጥን የማያልፍ፣ በሕግ የተከደነ።
አባሉ አንድ ሰው ቢሆንም ይፈቀዳል።"

የአንድ ሰው ማኅበር! ሳቄ አመለጠኝ፤
የእናቴ የኪዳነ ምሕረት ማኅበር ትዝ አለኝ፤
አሥራ ሁለት ሴቶች በየወሩ ተራ፣
የቀረች ስትቀጣ፣ የመጣች ስታወራ።
ብቻውን ማኅበር የጠጣ ሰው ማነው?
ጽዋውን ተቀብሎ ለማን ነው የሚያስረክበው?
ስብሰባ ልጥራ? ቃለ ጉባኤ ልያዝ?
እኔ ሐሳብ አቅርቤ፣ እኔ ደግፌ፣ እኔው በእኔ ልታዘዝ?

ሳቄ ግን ቶሎ ከሰመ።
አምና በጥር፣ ሸዋ ሮቢት፣ በርሜል ላይ በተረበረበ ሳንቃ
የምንጃርን ዝላይ ዘልዬ ስወርድ ተሰነጠቀ፤ በቃ።
ስፒከሩ ተገለበጠ፣ ሆዱ ተዘረገፈ።
ሳንቃውን እኔ አልመታሁት፤ ስፒከሩም የሰው ነው፣ የኪራይ፤
ባለቤቱ ግን ጠባሴ ድረስ መጣ፣ የእናቴን ላም ሊያይ።
አፏን ፈልቅቆ በጥርሷ ዕድሜዋን ቆጠረ።
እናቴ ዝም አለች።
ሰባት ወር ከፈልኩት፣ ከየሰርጉ እየተቀነሰ፤
እስክስታው ለሙሽሮቹ፣ ላቤ ለእሱ እየፈሰሰ።

ላቀው ማሲንቆ መቺው ሽርክና ይሻለናል ይላል፤
"እኔ ጭራውን፣ አንቺ አንገቱን፣ እኩል ለእኩል ይሆናል።"
ደግ ሰው ነው ላቀው። ዱቤው ግን ከመሐል ሜዳ እስከ አጣዬ ይዘረጋል፤
ሸሪኩ ከሆንኩ ያ ሁሉ ጠጅ በእኔ አፍ እንደተጠጣ ይቆጠራል።

"ካፒታል ስንት ልጻፍ?"
ሁለት የጥልፍ ቀሚስ፣ አንዱ ጠርዙ የተተረተረ፤
አንድ መቀነት፤ አንድ ስልክ፣ መስታወቱ የተሰበረ፤
ግራ ጉልበቴ፣ ብርድ ሲነካው የሚቆረጥመኝ።
ለማሽን የእርጅና ቅናሽ አለ አሉ፤ ለእሱስ ማን ይቀንስልኝ?

የግሉ ርካሽ ነው፤ ዛሬውኑ ያልቃል።
ማኅበሩ መመሥረቻ ጽሑፍ፣ ውልና ማስረጃ፣ ሒሳብ ሠሪ ይጠይቃል፤
የአራት ሰርግ ላብ።
ባለ ብሎኬቱ ከኋላዬ ተነፈሰ፤ "እቴ፣ ሰዓት ሄደ።"
የላሚቱ ጥርስ ታየኝ።
"ማኅበሩን" አልኩ።
"ሥራ አስኪያጅ?"
"እኔ።"
"አባላት?"
"እኔ።"
ማመልከቻዬ ላይ ማኅተሙ ወረደ፤ ጧ፣ ጧ ጧ፤
ሳላዘው ቀኝ ትከሻዬ መለሰለት።

ማታ ለእናቴ ደወልኩ። "ማኅበር ልገባ ነው፣ እማዬ።"
"እሰይ! የማርያም ነው የሚካኤል?"
"የራሴ።"
ትንሽ ዝም አለችና፣ "ስንት ናችሁ?" አለች።
መልሱን ሳስብ
ከስልኩ ማዶ፣ ከጓሮ፣
ላሚቱ ስትጮህ ሰማኋት።