ራስ የሌለው ተሳቢ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ዕቃ ጎትቼ፣
ጋላፊን ወርጄ፣ ጋላፊን ወጥቼ፣
ለወደቡ ሙቀት ላቤን ገብሬ፣
ጡረታ የወጣሁ ለት
አንድ ተሳቢ ገዛሁ፤ የራሴ፣ በብሬ።

የመንገድ ሥራ ካምፕ ሲነሣ በጨረታ የወጣ፣
ጣሪያው የተበሳ፣ ጎማው ነፋስ ያጣ፣
በሩ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ፣
«ያለ ፈቃድ መግባት...» ሌላው የረገፈ።

ፍራንኮ፣ ከጓሮዬ፣ በክሪክ አነሣሁት፤
አራት ብሎኬት ላይ አሳርፌ ተውኩት።
ድንቄ ዞራ አየችው፣ አንዴ፣ ሁለት ጊዜ፤
«ራሱስ?» አለችኝ።
«ራስ የለውም» አልኳት፣ ዝግ ብዬ፣ በትካዜ።
«እንደ ገዢው ነዋ!» ብላኝ ገባች።

ከዚያ ወዲያማ ቅዳሜ የለ፣ እሑድ፤
ባሌስትራ ሲወርድ፣
ኩሽኔታ በናፍጣ ሲታጠብ፣ ላሜራ ሲቀደድ።
በያጁ ሙክታር መጥቶ
የወለቀ ወገቡን በብረት አሰረው፤
«ጋሼ፣ ይሄ ቤት ነው ወይስ መኪና?» ቢለኝ፣
ዋጋ ሊሰቅል መሆኑ ገባኝና
«ሳጥን ነው» አልኩት፤ ትንሽ ዝቅ አደረገው።

አልጋው ሲታጠፍ ጠረጴዛ ይሆናል፤
ከሥሩ ቡታጋዝ፣ ሁለት ድስት ይይዛል።
ጣሪያው ላይ ሶላር፣ ከጎኑ ትንሽዬ ሮቶ፤
መጋረጃው የጭነት ሸራ ነው፣
የስንቱን አገር ዝናብ ጠጥቶ፣
ዛሬም ይሸተኛል፣ ጨው፣ ማዳበሪያ፣ ስኳር፤
በአፍንጫዬ ብቻ እነግርሃለሁ
የቱ ጋ ምን ተጭኖ እንደነበር።

አንዲት ጠብታ ብቻ አቃተችኝ።
ከራስጌው በላይ፣ ከአንድ ሪቬት ሥር፤
ሲልከን ሞላሁ፣ ሬንጅ ቀባሁ፣
ከመነዳሪ ቀድጄ ለጠፍኩባት፤
ሐምሌ ሲመጣ፣
አሮጌ ሹፌር ናትና፣ አስፋልቱን ብዘጋባት
በፒስታ ዞራ መጣች።

አንድ ምሽት መብራት ጠፍቶ
ሠፈሩ እንዳለ ጨልሞ ሳለ፣
በተሳቢው መስኮት ብርሃን ብልጭ አለ።
ድንቄ ናት። የስፌት መኪናዋን አስገብታ
ለሰኞ የተቀጠረችበትን የተማሪ ልብስ ትዘመዝማለች፣
በሶላሬ ብርሃን አጎንብሳ፣ ተግታ።
በሩ ጋ ቆምኩ።
«ያለ ፈቃድ መግባት...» የሚለውን አነበብኩ።
ተመለስኩ።
በወሩ ከብሎን መሳቢያዬ ውስጥ የሸሚዝ ቁልፍ አገኘሁ፤
መዶሻዬን ደግሞ፣ ብቻዋን፣ ደጅ አድራ አየሁ።

ጥቅምት ላይ የእህቷ ልጅ ቦንሳ አይሱዙውን ይዞ መጣ።
መንጠቆው ገጠመ። ቀጭ!
ያን ድምፅ ስሰማ ኖሬያለሁ፤
ያን ጠዋት ግን ጉልበቴ ወኔ አጣ።
«ቆዩ፣ ይህቺን ጠርዝ ልጨርስ!» ትላለች ከውስጥ።

የአዳማ የነፋስ ማማዎች ከኋላችን ቀርተው፣
ወለንጪቲን እንዳለፍን የግራ ጎማችን ጨሰ፤
ኩሽኔታው ግሎ አይቀመስም፤
ቦንሳ ዕቃ ሊገዛ አዳማ ተመለሰ።
መተሐራ ያልነው ዕቅድ እዚያው ግራር ሥር ቀረ፤
እኛም አብረን።

ሌሊቱን የጅቡቲ መኪኖች አለፉ፣
ቤታችንን በነፋሳቸው እያወዛወዙ፣
አንዳንዱም ጥሩንባ እየነፉ።
ማን እንደሆነ በጥሩንባው የማውቀው ሰው ነበር፤
ዛሬ ግን ጭነት የለኝ፣ ሚዛን አልጠብቅ፣
ጉምሩክ ያሸገው ነገር የለ፤
መንገድ ዳር ጋደም ብዬ
ሰዓት ሳልቆጥር፣ የመጀመሪያዬ።

ወደ ንጋት ግድም፣ ያለ ወሩ፣ ካፊያ ጣለ።
ጆሮዬን አቁሜ ያቺን ጠብታ ጠበቅኳት፤
ግንባሬ ላይ አልወረደችም።
ጠን! አለች፣ ከቆርቆሮ ላይ።
ባትሪ ባበራ፣ ከራስጌያችን መሐል፣ ጣሳ።
«ከየት አመጣሽው?»
«ከቤት» አለች ድንቄ፣ ፊቷን ሳታዞር፤
«አንተ ክሪኩን ስትጭን።»