ከፓራፋንጎው ሥር

አባቴ በብስክሌት ሠላሳ ሁለት ዓመት
ከቤት እስከ ፋብሪካ፣ ከፋብሪካ እስከ ቤት።
ሲሄድ ጣና በግራው፣ ሲመለስ በቀኙ፣
ጢሙን ያለ ዕድሜው ሲያሸብተው ብናኙ፣
የጥጡ ብናኙ።

ፊኒክሷ ጥቁር ናት፤ ቃጭሏ የነሐስ ነው፤
ኮርቻዋን ሁለቴ ምንይችል ነው የሰፋው።
ፍሬኗ ሲይዝ ይጮኻል፤ ሰፈሩ ያውቀዋል፤
«ልቅናው ገባ» ሲባል ድስት ከእሳት ይወርዳል።

ጡረታው ሳይደርስ ግን ጉልበቱ ቀደመው።
አንድ ቀን በረንዳ ሐይቁን ሲያስተውለው
«ከዚያ ማዶ» አለኝ፣ «ሰማዩ ሥር ያለው
ያ ሰማያዊ ነገር፣ ደመና ነው ተራራ?
ይህን ሁሉ ዓመት ሳየው ሳላጣራ።»

ቅዳሜ፣ ሊነጋ ሲል፣ መጨረሻ ነሐሴ፤
አንድ ዳቦ፣ መንፊያ፣ የዝናብ ልብሴ፤
ፊኒክሷን ሰርቄ ወጣሁኝ በራሴ።

ጭጋጉ የዓባይ ድልድይ ላይ ክንዱን ተንተርሷል፤
ከሥሩ አንድ ጉማሬ ትንፋሹን ይተፋል።
ዘንባባው አለቀ፤ ከተማው አለቀ፤
ካቴናዋ ዘይት ጠግባ ድምፅዋ ረቀቀ።

ሐሙሲት፣ ገበያው ገና ሳይደረደር፣
አህያ፣ ባጃጅ፣ እኔ፣ በመንገድ ስንከራከር፣
አንዲት ሽንኩርት ሻጭ አየችኝና ቆመች፤
«ሴትዮ፣ ባል ነው ያሳደደሽ?» ብላ ጠየቀች።
«አባት ነው» ብዬ አለፍሁ። «እግዜር ይይልሽ» አለች።

ከዚያ ፎገራ።
ሜዳ፣ ሜዳ፣ ሜዳ።
ሩዙ እስከ ዓይን ጥግ ውሃ ላይ ተነጥፎ፣
ሰማዩ ቁልቁል መጥቶ ጭቃ ላይ ተለጥፎ።
ሆዷ ድረስ ውሃ ውስጥ ላም ታመነዥካለች፤
እኔን አይታ፣ ንቃ፣ ፊቷን መለሰች።
ሲኖትራክ ሲመጣ፣ ጥሩንባው ሲያንባርቅ፣
አስፋልቱን ለቅቄ ጥቁር አፈር ስጠልቅ፣
አፈሩ አይለቅም፤ እንደ ዘመድ ይይዛል፤
«ሳትቀምሺማ አትሄጂም» እያለ ጎማ ይስባል።

ወረታን አለፍሁኝ፤ አዲስ ዘመን ገባሁ፤
ከአክስቴ ከዘርትሁን ሽሮ በልቼ አደርሁ።

እሑድ ዳገት ሆነ።
ዳገት በዓይን አይታይም፤ ጭን ነው የሚያውቀው፤
ቀጥሎ ትንፋሽ ይሰማል፤ ከዚያ በኋላ ልብ ነው።
ማርሽ የላትም እሷ፤ ጥርሷ የኔ ጥርስ ነው፣
ተነክሶ፣ ተነክሶ፣ ዳገት የሚበላው።
አፈሩ ቀይ ሆነ፣ እንደ በርበሬ ድቁስ፣
በየመታጠፊያው ምንጭ ሲወርድ፣ ሲፈስ።
ጣት መሳዩ ዐለት ከጉም ውስጥ ገዘፈ፤
ስታጠፍ ታጠፈ፤ ሳልፈው ግን አላለፈ።

ሦስተኛው ኩርባ ላይ ወረድሁ። ገፋሁ።
ይህን ለማንም አልነገርሁም፤ አሁን ጻፍሁ።

ከላይ ሆኜ ዞርሁ።
ጣና፣
እንግዳ እጁን ታጥቦ የደፋው ውሃ ያህል፣
ከሜዳው ወዲያ ጥግ ያበራል፣ ይጠፋል።
ባሕር ዳር አይታይም። ፋብሪካውም የለም።
የአባቴ ሠላሳ ሁለት ዓመት ነጥብ አያክልም።
ደመና አልነበረም፤ ይኸው ቆሜበታለሁ።
ልነግረው ቸኮልሁ።

ቁልቁለቱን ፍሬኗ እየጮኸ ወረደ፤
ውሻው ሁሉ ደንግጦ ወደ አጥር ተሰደደ።

ማታ ላይ ደረስሁ። የፍሬኗን ጩኸት ሰማ፤
በረንዳው ላይ ቆሟል፣ ግማሹ ጨለማ።
የት ነበርሽ አላለም።
በርከክ አለ። ጉልበቱ ተንቋቋ።
ጣቱን ከፓራፋንጎው ሥር አስገብቶ ፋቀ።

መጀመሪያ ጥቁር። «ፎገራ» አለ፣ ዝቅ ብሎ።
ከሥሩ ቀይ። ዝም አለ፣ በጥፍሩ ነጥሎ።
ከቀዩ ሥር ደግሞ ጥቁር፣ ብረቱ ላይ የደረቀ።
ሄዶ መምጣቴን ከዚያ አወቀ።

ቀዩን ወደ መብራት አቀረበው።
አሸተተው።
«ተራራ ነዋ» አለ።
ሌላ አልጨመረ።

ውሃ በባልዲ ቀድቼ ስመጣ ላጥባት፣
«ላዩን እጠቢላት» አለኝ፣ «ሥሩን ግን ተይላት።»