የጠጅ ሳር ስለት

ጉንፋን ነው ብለን በናቅነው፣ ሦስት ሳምንት ባስተኛኝ ትኩሳት፣
አፍንጫዬ እንደ ወጣ ቀረ፤ አይለይም ሽንኩርት ከእሳት።
ቅዳሜ ገበያ ሱቄ ውስጥ፣ ካውያዬ የሰው ሱሪ ሲያሳርር፣
ጎረቤት ነው የሚጮኽልኝ፤ እኔማ ቁልፍ ስቆጥር።

አንጓች ይህን አትቀበልም። ከወይዘሮ ደብሬ ጓሮ፣
አንድ እግር ጠጅ ሳር ገንጥላ፣ ይዛ መጣች ዘንድሮ፤
የዘይት ጀሪካን ለሁለት ቀድዳ፣ የአዘዞን ጥቁር አፈር ሞልታ፣
ከደጃፍ ተከለችው፣ «እንዳትረግጠው» ብላ ተቆጥታ።
ውኃ እንደሁ በፈረቃ ነው፤ በአሥራ አምስት ቀን ቢመጣ ባይመጣ፣
በምስርና በሩዝ እጣቢ፣ ስለት እንዳለባት ስታጠጣ፣

ሰኔ ሲገባ ጎፈሬ ሆነ፣ ከጀሪካኑ አፍ ተረፈ፤
ሰው ሲወጣ ሲገባ ይነካዋል፣ መንገዱ ላይ ተንዘረፈፈ።
አላፊው ሁሉ ቆም ብሎ፣ «እህ! ሎሚ ሎሚ ይላል» ይላል፤
ባለባጃጁ ታክሎ እንኳ፣ ሞተሩን አጥፍቶ ይስባል።
እኔ ብቻ፣ የቤቱ ጌታ፣ በገዛ ደጄ እንግዳ ሆኜ፣
«አዎ፣ ደስ ይላል» እላለሁ፣ በሰው አፍንጫ ታምኜ።

ዓሣ ሲመጣላት ከጎርጎራ፣ ሆዱን በሳሩ ጠቅጥቃ፣
ቅቤውን በኮሰረት አንጥራ፣ ስጎርስ ታየኛለች ጠብቃ።
ማታ ማታ ሦስት ቅጠል ቋጥራ፣ ከፈላ ሻይ ላይ ትጥላለች፤
ክዳኑን ከፍታ፣ እንፋሎቱን ፊቴ ላይ ይዛ፣ «እህስ?» ትላለች።
«የለም።»
«ነገ ደግሞ።»
ሻዩን እንጠጣለን። ሙቅ ነው። ከዚያ ሌላ የማውቀው የለም።

ሐምሌ ላይ ወይዘሮ ደብሬ፣ የእሷው ሳር በጎርፍ ሄዶ፣
«ዘሬን መልሱልኝ» ብላ ላከች።
አንጓች ወፍጮ ቤት ናት፤ ልገነጥል ወጣሁ፣ ቢላ የለኝ፣ እጄ ባዶ።
መርፌ ያደነደነውን ጣቴን፣ ቅጠሉ በስለቱ በጣው፤
ደሙ ልብሴ ላይ ጠብ ሳይል፣ ፈጥኖ አፌ ጠጣው።
ብረት ብረት ይላል ደም።
ከብረቱ ኋላ ግን፣ እንደ ሰው ከአንገረብ ማዶ ሲጣራ፣
አንድ ቢጫ ነገር ብልጭ አለ፤
ጠፋ፣ ስሙን ሳልጠራ።

ሕመሙ ይሁን፣ ትዝታው ይሁን፣ እንጃ።
ሥሩን በቁራጭ ከፋይ ጠቅልዬ፣ ለደብሬ ላክሁላት።

ማታ አንጓች ክዳኑን ከፍታ፣ እንፋሎቱን አስጠግታ፣
«እህስ?» አለች እንደ ልማዷ፣ ትንፋሿን ውጣ፣ ተገትታ።
የታሰረ ጣቴን ከጠረጴዛው ሥር ደብቄ፣ መልሷን ዛሬ ቀደምኳት፤
«ነገ ደግሞ» አልኳት።