ሁለት ክንድ ቱቦ

ቡሬ ላይ አንድ ግሮሰሪ ከስሮ ሲዘጋ
የድራፍት ማሽኑን ገዛሁት፣ ብዙም ሳልከራከር፣ በግማሽ ዋጋ፤
በርሜል፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ አንድ የነሐስ ቧንቧ፤
በአይሱዙ ጭኜ ፍኖተ ሰላም ስገባ
የውብዳር በሩ ላይ ጠበቀችኝ፣ እጇ ከወገቧ።
«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወፍጮ የጠገነ ሰው
ቢራ ለመቅዳት ነው ወይ የሚያንሰው?»
አልኳት። አልመለሰችም።
ቱቦው እንደ እባብ ተጠምጥሞ አስጠላኝ፤
በቢላ ቆረጥኩት። ሁለት ክንድ በቃኝ።

እሑድ፣ የትርንጎ ምርቃት ማግስት፣
ዘመድ ከጅጋ መጣ፣ ከደምበጫ፣ ከቋሪት።
የመጀመሪያውን ጃንቦ ለአማቴ ለአቶ ልየው
አቀርባለሁ ብዬ ቧንቧውን ስከፍተው፣
አረፋ።
ደግሞ አረፋ።
እጅጌዬን አርሶ፣ ከባልዲ ተርፎ የተደፋ፣
እንደ ተባዘተ ጥጥ ዝም ብሎ የተነፋ።

ያኔ ሁሉም መካኒክ ሆነ።
«መንገድ አንገላቶት ነው፣ በርሜሉ ይረፍ» አለ ይስማው፤
ከማክሰኞ ጀምሮ ተኝቶ ከረመ ብል ማን ሊሰማው!
«ሞቆ ነው» አለ ሌላው። በረዶ አምጥተን ከበብነው፤
እጄ እስኪደነዝዝ ዳበስኩት፤ ቀዝቃዛ ነው።
«ጋዙ በዛ» ሲሉኝ ቁልፉን ወደ ግራ አዞርኩ፤
ቢራው ሳል እንደያዘው ሰው ትፍ ትፍ አለ፤ መልሼ ከፍ አደረግኩ።
«ብርጭቆው ቅባት አለው» ያለችው የይስማው ሚስት ናት፤
(ቅባት አረፋ ይገድላል እንጂ መች ይወልዳል? ተውኳት።)
የውብዳር ግን ሰምታለች። ሃያ አራቱንም ብርጭቆ
አጠበች፣ ፊቷ ጠቁሮ፣ ከንፈሯ ደርቆ፤
ገና ትኩስ እያሉ ስቀዳባቸው፣ ባሰ።

ዲማ ቅኔ ሲቆጥር ኖሮ ነጋዴ የሆነው ቢረሳው
ብርጭቆውን አየና «ሰሙስ መጣ» አለ፣ «ወርቁን ማን ረሳው?»
ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፣ ላቤን እየጠረግሁ፤
ልጅ ልኬ ከሱቅ ባስመጣሁት ጠርሙስ እንግዳውን ሸኘሁ።

ማታ። ሁሉም ሄደ። አማቴ ብቻ ቀሩ፣
ጋቢያቸውን ደርበው፣ እንደ ልማዳቸው ሳይናገሩ።
እኔ ማሽኑ ሥር ተንበርክኬ ብሎን እቆጥራለሁ።
«ውኃ» አሉ ድንገት፣ «ከቁልቁለት ቀጥ ብሎ ከወረደ
ማሳ ይበላል። ቦዩን አዙረው፤ ይበርዳል የተናደደ።
ይንከራተት፣ ይድከም፤ ያኔ ነው ለአትክልት የሚበጅ።»
አርባ ዓመት ቦይ ቆፍረዋል፤ ጋዝና በርሜል አያውቁም እንጂ።

ዘወር ስል የውብዳር የለችም። ከጓሮ ተመለሰች፣
ቆርጬ የጣልኩትን አምስት ክንድ ቱቦ ይዛ መጣች።
የልብስ ማስጫ አድርጋው ኖሯል፤
አንድ መቆንጠጫ አሁንም ነክሶታል።
ምንም አላለችኝም።
(እሱ ነው የከፋው።)
በፈላ ውኃ አጠብነው። ባትሪ ያዘችልኝ፣ እኔ ገጠምኩ፤
ሁለቴ ጠምጥሜ በርሜሉ ጎን፣ ብርዱ ውስጥ፣ አስተኛሁት፤
ቧንቧውን፣ ግማሽ ሳይሆን እስከ ጥጉ፣ ባንዴ ከፈትኩ።

ወረደ።
ቀጭን፣ ዝም ያለ፣
ጫፉ ላይ ሁለት ጣት አረፋ ያዘለ።

አቶ ልየው ጃንቦውን ወደ አምፖሉ አነሱት፣
እንደሚገዙት በሬ ዙሪያውን አዩት።
አልጠጡም ገና።
«ገብሱ» አሉኝ፣ «የየት አገር ነው?»
አላወቅሁም።